ከሼባማይልስ ቀጥሎ ማን? ሁለተኛ የበረራ አባልነት ለሚመርጥ የሳይንትና የቦረና መንገደኛ

ከአጅባር ወይም ከመካነ ሰላም ተነስቶ ባሕር ማዶ የሚሻገር ሰው ጉዞው የሚጀምረው አውሮፕላን ላይ አይደለም። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ ለመድረስ ብቻ ወደ 180 ኪሎ ሜትር የደጋ መንገድ ይጠብቀዋል። ከደሴ ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ይበራል፤ አለዚያም በአውቶቡስ እስከ አዲስ አበባ ይዘልቃል። ጅዳው፣ ሪያዱ፣ ዱባዩ፣ ጓንጁው፣ ዋሽንግተኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያህል የሚደክም መንገደኛ ከከፈለው ገንዘብ ላይ ተመልሶ የሚገባውን ጥቅም ሳይወስድ ሲቀር ያሳዝነኛል።

ደጋግመው ከሚበሩት የአገራችን ሰዎች ብዙዎቹ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሼባማይልስ አባል ናቸው። ያልሆኑትም መሆን አለባቸው፤ ምዝገባው በነጻ ነው። ጥያቄው የሚነሳው ትኬቱ የኢትዮጵያ ሳይሆን ሲቀር ነው። በሳውዲያ፣ በኤሚሬትስ፣ በኳታር ወይም በተርኪሽ የበረራችሁበት ማይል የት ይገባል? ለእሱ ሁለተኛ አባልነት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም? ካስፈለገስ የማን?

የእኔ አቋም ይህ ነው። ሁለተኛው ካርድ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ሊሰበስበው የማይችለውን ማይል ለመሰብሰብ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የሚሰበስበውን እየተሻማ የሚወስድ ከሆነ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ የበረራ አባልነትም እንደዚያው ነው። ቅደም ተከተሉን ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ግን ሁለቱን ያለ ኪሳራ መያዝ ይቻላል።

1. ያለፉትን የሁለት ዓመት ጉዞዎች በወረቀት ላይ አስፍሩ

የማንንም ማስታወቂያ ከማየታችሁ በፊት የራሳችሁን መንገድ ጻፉ። ከየት ወዴት በረራችሁ? የማን አውሮፕላን ነበር? ወሩ የትኛው ነው? ትኬቱን የቆረጠው ማን ነው፤ እናንተ፣ አሠሪያችሁ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ወይስ ወንድማችሁ? በመጨረሻም የሚቀጥለው ዓመት ጉዞ ካለፈው ይለይ እንደሆነ አስቡ።

ይህ ወረቀት ብዙ ነገር ያሳያል። መርካቶ ሱቅ ያለው የቦረና ነጋዴ ዱባይና ጓንጁ ይመላለሳል፤ ትኬት የሚቆርጠውም ዋጋ እያወዳደረ ስለሆነ አየር መንገዱ ይለዋወጣል። ጅዳ የሚኖረው የሳይንት ልጅ ለአረፋ ወይም ለሠርግ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል። ዋሽንግተን አካባቢ ያለችው እህት በሁለት ዓመት አንዴ አገር ቤት ትመጣለች፤ በአሜሪካ ውስጥ ግን ለሥራ በየወሩ ትበራለች። በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው መምህር አልፎ አልፎ ለስብሰባ ይወጣል፤ ትኬቱን የሚልክለት ጋባዡ ነው። እነዚህ አራት ሰዎች ለአንድ ጥያቄ አራት የተለያየ መልስ ያስፈልጋቸዋል። ጓደኛችሁ ስለያዘው ብቻ ተመሳሳይ ካርድ ማውጣት የማይረባውም ለዚህ ነው።

2. የበረራችሁባቸውን አየር መንገዶች በየጎራቸው ለዩ

የዓለም አየር መንገዶች በሦስት ታላላቅ ኅብረቶች ይሰባሰባሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 የገባው በስታር አሊያንስ ነው። ተርኪሽ፣ ሉፍታንዛ፣ ኢጂፕት ኤር፣ ዩናይትድና ኤር ካናዳም የዚሁ ኅብረት አባላት ናቸው። ኳታር ኤርዌይስ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዋንወርልድ ውስጥ ነው። ሳውዲያ እ.ኤ.አ. በ2012 ስካይቲም ገብቷል። ኤሚሬትስና ፍላይዱባይ በየትኛውም ኅብረት ውስጥ የሉም።

ከዚህ የሚወጣው ውሳኔ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። በተርኪሽ ኢስታንቡል ላይ ትራንዚት አድርጎ አውሮፓ የሚሄድ መንገደኛ የተርኪሹን ማይልስ ኤንድ ስማይልስ አዲስ ይከፍታል። ሉፍታንዛ ሲሳፈር ደግሞ ማይልስ ኤንድ ሞር ይመዘገባል። ሁለቱም አላስፈላጊ ነበሩ፤ በሁለቱም በረራዎች ላይ የሼባማይልስ ቁጥሩን ቢሰጥ ማይሉ እዚያው ይገባለት ነበር። ስለዚህ በወረቀታችሁ ላይ የስታር አሊያንስ አየር መንገዶችን በሙሉ በአንድ ቀለም አስምሩባቸውና ለሼባማይልስ ተዉላቸው። ሁለተኛ ካርድ የሚፈለገው ሳይሰመርበት ለቀረው ነው። የቀረው አንድ ጉዞ ብቻ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ፤ ሁለተኛ ካርድ አያስፈልጋችሁም።

ኅብረቶቹ ለዘላለም የተሰሩ አለመሆናቸውንም አስታውሱ። የስካንዲኔቪያው ኤስ ኤ ኤስ ከስታር አሊያንስ መሥራቾች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ግን ወጥቶ ስካይቲም ገባ። ስዊድንና ኖርዌይ ያሉ የአገራችን ልጆች በኤስ ኤ ኤስ የበረሩበትን ማይል ከዚያ ወዲህ በስታር አሊያንስ ካርድ ማስገባት አልቻሉም።

3. የምትፈልጉት ምን እንደሆነ ወስኑ፤ ኪሎ ነው፣ ማረፊያ ነው ወይስ ትኬት?

የአባልነት ጥቅም በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የሚጠራቀምና የሚወጣ ማይል ነው፤ ትኬት ይገዛል፣ መቀመጫ ያሻሽላል። ሌላው የአባልነት ደረጃ ነው። ሼባማይልስ ብሉ፣ ሲልቨር፣ ጎልድና ፕላቲነም የሚሉ ደረጃዎች አሉት። ጎልድና ከዚያ በላይ የደረሰ ሰው በመላው ስታር አሊያንስ ውስጥ እንደ ጎልድ አባል ይቆጠራል። በኢኮኖሚ ትኬት እየበረረ ማረፊያው ላውንጅ ይገባል፤ ቼክ ኢን ላይ ረጅሙን ሰልፍ ይዘላል፤ ሻንጣው ቀድሞ ይወርድለታል። ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚጠቅመው ግን ትርፍ ኪሎው ነው። በኪሎ በሚመዘንበት መስመር 20 ኪሎ፣ በሻንጣ ቁጥር በሚሠራበት መስመር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል።

ከውጭ ወደ ወሎ የሚመጣን ሰው ያየ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ለእናት ጋቢ የሚሆን ብርድ ልብስ፣ ለአባት ጫማ፣ ለእህት ልጆች ልብስ፣ ለጎረቤት ስልክ፣ ለመስጊዱ ወይም ለቤተ ክርስቲያኑ የተባለ ዕቃ አለ። ስንመለስም በርበሬው፣ ሽሮው፣ በሶውና ድርቆሹ ይከተለናል። ትርፍ ኪሎ መዛኙ ፊት ሲከፈል ዋጋው ያስደነግጣል። አንድ ተጨማሪ ሻንጣ በየጉዞው የሚያድነው ገንዘብ ከማንኛውም የማይል ስጦታ የበለጠ የሚታይ ጥቅም ነው።

ችግሩ ደረጃ አለመከፋፈሉ ነው። ግማሹን በሼባማይልስ፣ ግማሹን በሌላ ኅብረት የበረረ ሰው በሁለቱም ጎልድ ሳይሆን ዓመቱ ያልቅበታል። ስለዚህ ደረጃ ላይ መድረስ የምትችሉ ከሆነ በረራችሁን በሙሉ በአንድ ካርድ ላይ አተኩሩ። መድረስ መቻል አለመቻላችሁን ደግሞ ርቀቱን አይታችሁ ገምቱ። ከአዲስ አበባ ጅዳ በአየር ወደ 1,400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በማይል ወደ 875 ይሆናል። ደርሶ መልሱ ሙሉ ማይል ቢሰጥ እንኳ ወደ 1,750 ነው። ዱባይ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር፣ ጓንጁ ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር፣ ዋሽንግተን ደግሞ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የዋሽንግተኑ አንድ ደርሶ መልስ ስምንት የጅዳ ደርሶ መልስ ያህል ማይል አለው ማለት ነው። ሙሉ ማይል የማይሰጡ ርካሽ ትኬቶች መኖራቸውን ስትጨምሩበት በዓመት አንዴ ከጅዳ የሚመጣ ሰው በዚህ መንገድ ጎልድ እንደማይደርስ ታያላችሁ። እሱ ደረጃውን ትቶ ማይሉ ሳይሞት ተጠራቅሞ ትኬት የሚሆንበትን መንገድ ይፈልግ። ጓንጁ የሚመላለሰው ነጋዴ ግን ደረጃውን ያስብ፤ ለትንሽ የዋጋ ልዩነት ሲል አየር መንገድ መቀያየሩንም ቆም ብሎ ይመርምር።

4. ከምትኖሩበት ወይም ከምትመላለሱበት ቦታ ጋር አዛምዱ

ሳውዲ ከሆናችሁ ምርጫው ብዙ ጊዜ በኢትዮጵያና በሳውዲያ መካከል ነው። የሳውዲያ ፕሮግራም አልፉርሳን ይባላል። ሳውዲያ ሼባማይልስ ከሚሰበስብበት ኅብረት ውጭ ስለሆነ እዚህ ላይ ሁለተኛ ካርድ መክፈት ተገቢ ነው፤ የትኬት ዋጋ ወደ ሳውዲያ ባደላ ቁጥር የሚባክን ማይል አይኖርም። ሆኖም ዋጋ ስታወዳድሩ አዲስ አበባ ላይ አታቁሙ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ዓለም አቀፍ ትኬት ለመጣ መንገደኛ የአገር ውስጥ ትኬትን በቅናሽ የመሸጥ የቆየ አሠራር አለው። ኮምቦልቻ ድረስ የምትበሩ ከሆነ በሌላ አየር መንገድ ያተረፋችሁት ገንዘብ እዚያ ላይ ሊያልቅ ይችላል። ሙሉውን መንገድ፣ ከጅዳ እስከ ኮምቦልቻ፣ አንድ ላይ ደምሩ።

ዱባይ ለሚመላለስ ሰው የኤሚሬትስ ስካይዋርድስ ግልጽ ምርጫ ነው። አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የፍላይዱባይ በረራም እዚያው መቆጠሩ ነው፤ በሁለት አየር መንገድ እየበረራችሁ በአንድ ቋት ታጠራቅማላችሁ። የቤተሰብ አባላት ማይላቸውን የሚያዋጡበት አሠራርም አለው፤ ባልና ሚስት ሱቁን በየተራ ዕቃ የሚያመጡለት ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጥንቃቄ የሚሻው የጊዜ ገደቡ ነው። የስካይዋርድስ ማይል የሚኖረው ሦስት ዓመት ሲሆን የሚሞተው በሦስተኛው ዓመት የልደት ወራችሁ ሲያበቃ ነው። የልደት ወር ማለት በፓስፖርቱና በምዝገባው ላይ የተጻፈው ነው፤ እናት የምታስታውሰው ወር ከዚያ ሊለይ ስለሚችል ወረቀቱን አይታችሁ መዝግቡት።

በዶሃ በኩል ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሚያልፍ ሰው የኳታር ፕሪቪሌጅ ክለብን ቢይዝ ጥሩ ነው። ኳታር እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አቪዮስ የተባለውን መገበያያ ይጠቀማል። ያው አቪዮስ በብሪቲሽ ኤርዌይስም የሚሠራ ስለሆነ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል። ለ36 ወራት ምንም ሳይነካ ከቆየ ይሞታል፤ አንድ በረራ ወይም አንድ ወጪ ግን ዕድሜውን ያድሰዋል። በየሦስት ዓመቱ አንዴ ለሚመጣ ሰው ይህ ከስካይዋርድሱ ይሻላል።

አሜሪካ ላላችሁት ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የእናንተ ጉዳይ ከሌላው ሁሉ ይለያል። አሜሪካ ውስጥ ማይል የሚሰበሰበው በአውሮፕላን ብቻ አይደለም። በክሬዲት ካርድ ቤንዚን ሲቀዳ፣ አስቤዛ ሲገዛ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ሲከፈል ነጥብ ይገባል። ታላላቆቹ ባንኮች የሚሰጡት ይህ ነጥብ ወደ ሼባማይልስ አይዛወርም። የቼዝ ነጥብ ወደ ዩናይትድ ማይሌጅፕላስና ወደ ኤር ካናዳው ኤሮፕላን ይሄዳል፤ የአሜሪካን ኤክስፕረስም ወደ ኤሮፕላን ይሄዳል። ዩናይትድና ኤር ካናዳ ደግሞ የኢትዮጵያ የኅብረት አጋሮች ናቸው፤ በእነሱ ነጥብ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ላይ መቀመጫ መያዝ ይቻላል። ስለዚህ ሥራውን አከፋፍሉት። የበረራችሁበት ማይል ወደ ሼባማይልስ፣ የሸመታችሁበት ነጥብ ወደ ኤሮፕላን ወይም ወደ ዩናይትድ ይግባ። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛው ካርድ ከመጀመሪያው አንድ ማይል እንኳ አይወስድም።

ከሁለቱ የትኛው? የዩናይትድ ማይል እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በጊዜ ብዛት አይሞትም። ኤሮፕላን ለ18 ወራት ካልተንቀሳቀሰ ይጠፋል፤ በጎን ግን እስከ ስምንት ሰው የሚደርስ ቤተሰብ ነጥቡን በአንድ ላይ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ሁለቱም በነጥብ በሚቆረጥ ትኬት ላይ የነዳጅ ጭማሪ አያስከፍሉም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሌሎች ፕሮግራሞች ነጻ የተባለው ትኬት ብዙ መቶ ዶላር ጭማሪ ይዞ ይመጣል። በሁለቱም በነጥባችሁ ለሌላ ሰው ትኬት መቁረጥ ትችላላችሁ። ልጇ ለመውለድ የደረሰችላት እናት ከመካነ ሰላም ዋሽንግተን ለአራስ ጥየቃ እንድትመጣ ሲታሰብ፣ ልጅየዋ በአስቤዛ ያጠራቀመችው ነጥብ ያንን ትኬት ሊሆን ይችላል። እኔ ብዙ ቤተሰብ ላላት ኤሮፕላንን፣ ብቻውን ለሚኖርና ነጥቡን ለሚረሳ ዩናይትድን እመርጣለሁ።

እዚያው አሜሪካ ላይ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዩናይትድ የራሱን ጎልድ አባላት በአገር ውስጥ በረራ ላይ በደረጃቸው ብቻ ወደ ላውንጁ አያስገባም፤ በዚያው ቀን ዓለም አቀፍ በረራ ሊኖራቸው ይገባል። በሌላ የስታር አሊያንስ አየር መንገድ ጎልድ የሆነ ሰው ግን በዩናይትድ የአገር ውስጥ በረራም ይገባል። በየወሩ በዩናይትድ የምትበር እህት ማይሏን ሼባማይልስ ላይ እያስገባች ጎልድ ብትደርስ፣ የዩናይትዱን ጎልድ ከያዘችው ባልደረባዋ የተሻለ መስተንግዶ ታገኛለች። የዩናይትድ በረራ በሼባማይልስ ስንት ማይል እንደሚሰጥ ግን ከትኬቱ ዓይነት ጋር አስቀድማ ታመሳክር።

በጋባዥ ትኬት ለሚጓዘው መምህር ብዙ የምለው የለኝም። የሼባማይልስ ቁጥሩን ለጋባዡ አስቀድሞ ይላክ፤ ከኅብረቱ ውጭ ለሆነው አንድ በረራ ሲል አዲስ ካርድ አያብዛ።

5. የትኬቱን ፊደል ጠይቁ

በአንድ አውሮፕላን፣ በአንድ ረድፍ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ሙሉ ማይል ሌላው ሩቡን ሊያገኙ ይችላሉ። ምክንያቱ ትኬቱ ላይ ያለች አንዲት ፊደል ናት። ኢኮኖሚ የሚባለው ራሱ በውስጡ በፊደል የተለዩ ብዙ የዋጋ ክፍሎች አሉት፤ በጣም ርካሾቹ በአጋር አየር መንገድ ላይ ምንም ማይል ላይሰጡ ይችላሉ። ይህን የሚያሳይ ሰንጠረዥ በየፕሮግራሙ ድረ ገጽ ላይ ይገኛል፤ አየር መንገዱን መርጣችሁ ፊደሏን ትፈልጋላችሁ። የቡድንና የቻርተር ትኬት ብዙ ጊዜ ማይል አይሰጥም፤ ለሐጅ በቡድን የምትሄዱ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

ሁለተኛ ካርድ ልትከፍቱ ያሰባችሁበትን ፕሮግራም በዚህ ሰንጠረዥ ፈትኑት። እናንተ ዘወትር የምትገዙት ርካሽ ትኬት እዚያ ላይ ዜሮ የሚል ከሆነ የፕሮግራሙ ስምና ዝና አይጠቅማችሁም፤ ወደ ሌላው እለፉ።

6. ስትመዘገቡ ስማችሁን ከፓስፖርቱ ላይ ቅዱ

አገራችን ውስጥ ማይል ሳይገባ የሚቀርበት ትልቁ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በአምስት በስድስት ዓይነት ይጻፋል፤ ዘነበም፣ ሐሰንም፣ ጽጌም እንደዚያው። አንድ ሰው ካርዱን ሲያወጣ በልማድ እንደሚጽፈው ይጽፋል፤ ትኬቱ ግን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ይቆረጣል። ኮምፒዩተሩ ሁለቱን አንድ ሰው አድርጎ አያይም። የአባትና የአያት ስም አቀማመጥም ያው ችግር አለበት፤ በአንዱ የአያት ስም ሲገባ በሌላው ተዘሎ ይገኛል። ስለዚህ ፓስፖርቱን ፊት ለፊታችሁ አስቀምጡና ፊደል በፊደል ቅዱ። የልደት ቀኑንም ፓስፖርቱ ላይ ባለው በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስገቡ። ፓስፖርት ስታድሱ አጻጻፉ ከተለወጠ ሁለቱንም ካርዶች ወዲያው አስተካክሉ።

የኢሜይሉና የስልኩ ነገር ከዚህ አያንስም። አካውንታችሁን ትኬት ቢሮው በራሱ ኢሜይል አይክፈትላችሁ፤ ሠራተኛው ሲቀየር የይለፍ ቃሉ አብሮ ይጠፋል። ዓረብ አገር ሳላችሁ በሳውዲ ወይም በኩዌት ሲም ካርድ ተመዝግባችሁ ከነበረ ደግሞ፣ ጠቅልላችሁ ስትገቡ ቁጥሩ ይዘጋል፤ የማረጋገጫው መልእክት ግን ወደዚያው ቁጥር መሄዱን ይቀጥላል። ከመመለሳችሁ በፊት ወደ ኢሜይል ወይም ወደ አገር ቤት ቁጥር ቀይሩት።

7. ትኬት ስትቆርጡ ቁጥሩን ራሳችሁ ስጡ

አንድ በረራ በአንድ ካርድ ብቻ ይቆጠራል። ስለዚህ ትኬት ቢሮ ስትገቡ የትኛው ቁጥር መግባት እንዳለበት ወስናችሁ ግቡ። «እህቴ፣ የሼባማይልስ ቁጥሬ ይኸው፤ አስገቢልኝ» ማለት በቂ ነው፤ ሳይጠየቁ የሚያስገቡ ወኪሎች ብዙ አይደሉም። በረራው የሳውዲያ ከሆነ የአልፉርሳኑን፣ የኤሚሬትስ ከሆነ የስካይዋርድሱን ስጡ። ቼክ ኢን ላይ ቦርዲንግ ፓሱን ስትቀበሉ ቁጥሩ ታትሞ እንደሆነ እዩ፤ ከሌለ እዚያው ጠይቁ። ማይሉ እስኪገባ ድረስም ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ፤ የቀረ ማይል የሚጠየቀው በእሱ ነው።

እዚህ ላይ ለእህቶቻችን የምለው አለኝ። ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር ለምትሄደው ልጅ ትኬቱን የሚከፍለው አሠሪው ወይም ኤጀንሲው ነው። ማይሉ ግን በየፕሮግራሞቹ ደንብ የሚገባው ለከፈለው ሰው ሳይሆን ለበረረው ነው። ከመሄዷ በፊት ታናሽ ወንድሟ በስልኩ በነጻ ሊመዘግባት ይችላል። በሁለት ዓመት አንዴ የምትበር ስለሆነች ብዙ አይጠራቀምላትም፤ የራሷ ሆኖ መቀመጡ ግን ተገቢ ነው። ለእሷ ሁለተኛ ካርድ አያስፈልጋትም። የሄደችበት አየር መንገድ የማን እንደሆነ አይቶ አንዱን መክፈት ይበቃል።

8. በዓመት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም ቢሆን ይመቻል፣ ሁለቱንም ሒሳቦች ክፈቱ

የሚታየው ሦስት ነገር ነው፤ ስንት ማይል አለ፣ መቼ ይሞታል፣ ያለፈው ዓመት በረራ በሙሉ ገብቷል ወይ። የሚሞተው ማይል ለትኬት የሚበቃ ከሆነ በጊዜ ቁረጡበት። በማይል የሚሰጡ መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ለአረፋ፣ ለገናና ለአዲስ ዓመት ደግሞ ቀድመው ያልቃሉ። ለበዓል የምትፈልጉ ከሆነ ከወራት በፊት ጀምሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የሚገዛ ትኬት ዋጋው ከፍ ብሏል፤ ማይል ግን ከብር ጋር አይወርድም። ገቢያችሁ በብር ከሆነ የተጠራቀመ ማይል ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው። ይህ ማለት ግን ለዓመታት ይከማች ማለት አይደለም፤ አየር መንገዶች ለአንድ ትኬት የሚጠይቁትን ማይል በፈለጉ ጊዜ ከፍ ያደርጋሉ።

አንዱ ደረጃ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ መንገዳችሁ ከተቀየረ፣ ለምሳሌ ከጓንጁ ወደ ዱባይ ከዞራችሁ፣ አዲሱን ፕሮግራም ከዜሮ ከመጀመራችሁ በፊት የደረጃ ማዛመድ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቁ። የሌላውን አየር መንገድ ካርድ አይተው ተመሳሳይ ደረጃ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጡ አየር መንገዶች አሉ። ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ የበረራችሁ ብዛት የሚጨምርበትን ወቅት ጠብቃችሁ ተጠቀሙበት።

በሁለተኛው ካርድ ላይ የቀረው ማይል ትንሽ ከሆነና ትኬት የማይሞላ ከሆነ፣ ለመሙላት ብላችሁ ማይል በገንዘብ አትግዙ፤ ብዙ ጊዜ ትኬቱን በቀጥታ ከመግዛት ይወደዳል። የቤተሰብ ቋት ያለው ፕሮግራም ከሆነ ለሚበረው ወንድም ወይም እህት አዋጡት። ያም ካልሆነ ይሙት፤ ካርዱን ግን ዝጉትና የሚቀጥለውን በረራ ለሼባማይልስ ስጡ።